የማይበትን ዳኛ

ጉና ተራራ ሥር የነሐስ ዳኛ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። መካነ ኢየሱስ ላይ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ያን ሰሞን ትምህርት ቤቱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፣ ኔትወርክ የለም፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ሳምንት ሠርቶ ሦስት ሳምንት ይቆማል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይባል የለ? እኔ የማፋታው ልጅ ስለሌለኝ ዓለም ፈጠርሁ።

ጨዋታውን የተማርሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ስልኳ ላይ ያወረደችውን አንድ ወፍራም መመሪያ ከፍታ፣ ስድስታችንን አልጋዋ ላይ ሰብስባ አስተማረችን። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ዓለሙንና በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ያንን ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ድልድይ አለ፣ ከሥሩ ጭስ ይወጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ተሳክቶለት እንደሆነ ለማወቅ ዳይስ ይጣላል። ሰሌዳ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። ተረት ነው እንዳይባል፣ ተረት ላይ ሰሚው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ እዚህ ግን ሰሚው ተረቱን ከአፍ ቀምቶ ይሮጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንሰበሰብ ጀመር። ቤተ ሙከራ ይባል እንጂ ያለው ሁለት ሚዛን፣ ጥቂት ሽቦና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። ዳይሱን ከልጆች ሉዶ ወሰድን። ተጫዋቾቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ዳይስ በተጣለ ቁጥር ዕድላችንን በክፍልፋይ አስልቶ ካልነገረን እንቅልፍ የማይወስደው ቀልደኛ። ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ ሲማር ከርሞ ሳይመሰክር፣ ማለትም ሳይመረቅ፣ ስለወጣ «ደብተራው» እያልን እናሾፍበታለን። ሦስተኛዋ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት፤ የቅርብ ጓደኛዬ። ሁለታችንም ሲማዳ ተወለድን፣ ያውም የአንድ አጥቢያ ልጆች ነን።

መመሪያው ውስጥ ብዙ ዓለማት ነበሩ። እኔን የሳበኝ የእንፋሎቱ ዓለም ነው፤ ናፍጣ ያልተገኘበት፣ ባቡሩም ሰዓቱም የሽመና ዕቃውም በፈላ ውኃ ጉልበት የሚሄድበት። ሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ረጅም ባርኔጣና የብየዳ መነጽር አድርገዋል። ባርኔጣውን ጣልሁና ዓለሙን ወደዚህ አመጣሁት። ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ወር ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ ቆሞ ነበር፤ ሰው ገብሱን እንደተሸከመ ሲመለስ በመስኮቴ አያለሁ። ስለዚህ በእኛ ዓለም ወፍጮው በባሕር ዛፍ እንጨት ይሄዳል። አውቶቡሱ እየተነፋነፈ ዳገቱን ይወጣል። ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው እህል በእንፋሎት ጋሪ ይጫናል። «አህዮቹስ?» አለ የሒሳብ መምህሩ። ጡረታ ወጡ አልሁት። ወዲያው የአህዮች የጡረታ ማኅበር አቋቁሞ ራሱን ሊቀ መንበር አደረገ።

ዳኛው የመጣው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ከጎተራ የሚበልጥ፣ ባለ ጥርስ የነሐስ ጎማዎቹ እርስ በርሳቸው እየተነካከሱ የሚያስብ ማሽን። ደብተራው ወዲያው ያዘኝ።

«ነሐሱን ከየት አመጣሽው?»

«ከደወል አቅልጬ።»

«የትኛው ቄሰ ገበዝ ነው ደወሉን ፈትቶ የሚሰጥሽ?»

ግማሽ ሰዓት ተከራክረን በተሰነጠቁ ደወሎች ተስማማን። እሱ የሚሆነው ሰው የማሽኑን ትእዛዝ በብራና የሚጽፍ ጸሐፊ ነበር። የሒሳብ መምህሩ መካኒክ ሆነ። ጓደኛዬ ደግሞ የዳኛውን ምድጃ የምትመግብ እሳት ቆስቋሽ ሆነች።

የዳኛው ሥራ አውጫጭ ነበር። እኛ አገር የተወለደ ሰው አውጫጭ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። በሬ ሲሰረቅ ወይም ጎጆ ሲቃጠል፣ አድራጊውም ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአጥቢያው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል። ሽማግሌዎች ይሰየማሉ። አድራጊው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ እርሻ ቢቀር፣ ከብት ቢጠማ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ይውላል። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎች በስውር ሹክ ይላል። ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች ለዘላለሙ አይነገርም። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነገረችን» ብሎ ስም ይጠራል፤ በዚያ ያበቃል፤ ጉባኤው ይበተናል።

በእኔ ዓለም ወፎቹ ለዳኛው በመዳብ ቀንድ ሹክ ይሉታል። ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ቃል ከቃል ይመዘናል፣ በሌላው ጫፍ ስም የተጻፈበት ጠባብ ወረቀት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ደግ ነገር ነበር። ሌባ ጠፋ፤ ተጫዋቾቼም ኮሩበት። ከዚያ ዳኛው እያደር ተማረ። ማንኛውም ሰው አንድ የደበቀው ነገር እንዳለው ተማረ። ስለዚህ ምንም ሳይሰረቅ ሕዝቡን ሜዳ አስወጣ፤ አንዱ ነገር ሲገለጥ ሌላው ይቀረዋልና አልበትንም አለ። ገብሱ ደርሶ እንደቆመ ረገፈ። መካኒኩ ብሎን ቢፈታ ማሽኑ ሌላ ብሎን አሠራ። «ክፉ ሆነ ማለት ነው?» ብሎ የሒሳብ መምህሩ ሲጠይቀኝ፣ ክፉ አልሆነም፣ አውጣ የተባለውን እያወጣ ነው፣ ይብቃህ ያለው ሰው ግን አልነበረም አልሁት። በመልሴ ኮርቼ ነበር። አሁን ያሳፍረኛል።

ይህን ማሽን ከየት እንዳመጣሁት ጓደኞቼ አልጠየቁኝም። ከአባቴ ነው ያመጣሁት።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በክረምቱ መግቢያ፣ የአንድ ጎረቤታችን የእርሻ በሬ ተሰረቀ። አውጫጭ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሜዳ ላይ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነገረችን» አለና የአባቴን ስም ጠራ። አባቴ አልሰረቅሁም አሉ። ሰው ሁሉ ደክሞት ነበር፤ የሰማቸው የለም። ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ነድተው በጠፋው ፋንታ ሰጡ።

አንድ በሬ የቀረው ገበሬ መቀናጆ ያስፈልገዋል፤ ካንዱ ጎረቤት በሬ ጋር አጣምሮ ካልሆነ አያርስም። ከሌባ ጋር ደግሞ ማን ይቀናጃል? ያን ክረምት መሬታችን ጦም አደረ። በመስከረም ጓዛችንን ጭነን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባን። አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ልባቸው ደክሟል፤ እግራቸው ያብጣል። ወደ ሲማዳ ሄደው የማያውቁ አይደሉም፤ ለቀብር ይሄዳሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው አልቅሰው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፤ «ስሜ ሳይነጻ ከአባቶቼ ጎን አታስገቡኝ። ሌባ ተብዬ ከዚያ አጥር አልገባም።» ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ከነገረኝ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነበር። ያችን ወፍ አግኝቼ አንገቷን ብጠመዝዛት እመኝ ነበር።

ጓደኛዬ በየሐሙሱ እየመጣች የደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ እግራቸውን ታያለች፤ ኪኒናቸውን በሳምንቱ ቀን ለይታ ታስቀምጣለች። መካነ ኢየሱስ ተመድባ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት አፈላልጋ ነው ያገኘችን። የአገር ልጅነት ነው አልን። አባቴ «መድኃኒቴ» ነው የሚሏት። ቅዳሜ የተጫወትነውን ሐሙስ ታወራላቸዋለች፤ በአህዮቹ ጡረታ ሲስቁ ከጓዳ እሰማለሁ። እኔ ሳወራላቸው እንዲያ አይስቁም።

በአምስተኛው ቅዳሜ አዲስ ደንብ አወጣሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች፣ የሚሆነው ሰው የደበቀውን አንድ ኃጢአት ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፍና አጥፎ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይጣል። ዳኛው አንዱን በዕጣ አውጥቶ ለሕዝብ ያነብባል። የሒሳብ መምህሩ እየሳቀ በአንድ ደቂቃ ጨረሰ። ደብተራውም ጻፈ። ጓደኛዬ ግን እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።

«እውነት መሆን አለበት?» አለችኝ።

«ለእሳት ቆስቋሿ እውነት ይሁን እንጂ ያንቺን ማን ጠየቀሽ? ፍጠሪ።»

«ኃጢአት መፍጠር አልችልም። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለትም እኮ ውሸት ነው፤ ንስሐ በውሸት አይሆንም።»

ሳቅሁባት። ደብተራው ግን አልሳቀም። ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው አዞረ። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ከሦስቱ ወረቀቶች የሷ ወጣ።

ዳኛው ሲናገር አፌን ወደ ሌላ ቆርቆሮ አስገብቼ ነው የምናገር፤ ድምፁ ያስተጋባል። ያን ወረቀት በዚያ ድምፅ አነበብሁት። «ወፍ ሆኜ ነበር። ጭጋግ ነበር። በሬ የሚነዳውን ሰው ፊቱን አላየሁም። ያየሁት ካፖርቱን ነው፤ ኮሌታው ላይ ቀይ ጨርቅ የተጣፈበት።»

ያንን ቀይ ጨርቅ የጣፈችው እናቴ ናት። ከራሷ አሮጌ መቀነት ቀድዳ። ያ የአባቴ ካፖርት እስከ ዛሬ ከበራችን ጀርባ ተሰቅሏል።

የሒሳብ መምህሩ ጠረጴዛውን መታ፤ «ጎበዝ! ታሪክ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ጓደኛዬ እኔን ታየኛለች። ጨዋታውን ማቆም እችል ነበር። ወጥቼ መሄድ፣ ማልቀስ፣ በጥፊ መምታት እችል ነበር። እኔ ግን ቆርቆሮውን ወደ አፌ መልሼ፣ «ጉባኤው አይበተንም» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ተጫወትን። ሦስቱንም ቅዳሜ ዳኛው እሳት ቆስቋሿን ሲጠይቅ ዋለ። ፍም በእጇ አስያዝኋት። ሕዝቡን አስነሣሁባት። የምድጃው በር ላይ አቆምኋት፤ ዳይሱ ቢያድናትም ሌላ ፈተና አመጣሁ። ጓደኛዬ አንድም ቀን ይብቃኝ አላለችም፣ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ሐሙስ ሐሙስም እንደወትሮው እየመጣች የአባቴን ክንድ ጠቅልላ ትለካለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ አንኳኳለሁ። ለአባቴ ምንም አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው ነገሩ ከእጄ ይወጣል፤ ከእጄ እንዲወጣ አልፈለግሁም። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አልተደሰትሁም። ግን ማቆም አልቻልሁም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ደብተራው ዳይሶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«ይኼ ጨዋታ አይደለም» አለኝ። «አውጫጭ ላይ ሽማግሌውም እኮ ፀሐይ ላይ ነው የሚውል። ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ከብቱ ጠባቂ ያጣበታል። የሚበትነው ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ቤቱ ስለናፈቀው ነው። ያንች ዳኛ አይርበው፣ አይጠማው። ምን ቆርጦት ይበትናል?»

ሁለቱ ወንዶች ወጥተው ሄዱ። ጓደኛዬና እኔ ትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ቆምን። እሷ ናት የጀመረችው።

«አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ውኃ ልቀዳ ስወርድ አየሁ። ካፖርቱን አየሁ ማለት ሲገባኝ ስም ተናገርሁ። ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ውለን ነበር፤ እናቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቤታችን እንድንገባ ነበር የፈለግሁት።»

«እና ዝም አልሽ። ሃያ ዓመት ሊሞላው።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። የወጋም አይረሳም፤ እኔን ጠይቂኝ። ሐሙስ ሐሙስ የምመጣው ለግፊታቸው ብቻ መስሎሽ ነው? እዚህ የተመደብሁት በዕጣ መስሎሽ ነው? ለምኜ ነው የመጣሁት። በየሳምንቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ክንዳቸውን ለክቼ እመለሳለሁ።»

«አሁንስ?»

«ሐሙስ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሲማዳ ሄጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ሰውየውን አላየሁም፣ ካፖርት ነው ያየሁ እላለሁ። በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

«ሂጂ!» አልኋት። አላቀፍኋትም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ትንሽ ቀለል አለ። አባቴ በስማቸው ሊቀበሩ ነው ብዬ አሰብሁ።

ሐሙስ መጣች። አባቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። መለኪያውን ከቦርሳዋ ሳታወጣ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ተናገረች፤ ጭጋጉን፣ ካፖርቱን፣ ስማቸውን መናገሯን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር።

«ካፖርቱን ብቻ ነው ያየሽ?» አሉ።

«አዎ አባባ። ካፖርቱን ብቻ።»

ከበሩ ጀርባ ወደ ተሰቀለው ካፖርት ተመለከቱ። «ያን ቀን ካፖርቴ ቤት አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «አውሼው ነበር። በማግስቱ ታጥቦ ተመለሰልኝ። በክረምት ካፖርት አጥቦ የሚመልስ ሰው አይቸ አላውቅም ብየ፣ ጨዋነቱ ደንቆኝ ነበር።»

ሌባው ማን እንደሆነ ያወቁት ገና ያን ዕለት ነው። ወፏ የተናገረችው ስም ብቻ ነበር፤ ካፖርት መኖሩን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ከደጃፉ ዘልዬ ገባሁ።

«ለማን ነበር ያዋሱት?»

አልመለሱልኝም። ጓደኛዬ እሑድ ልትሄድ እንዳሰበች ስትነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም። ይኸን ብትነግሪያቸው የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው፤ ካፖርቱን የለበሰ ማነው? ሰው ሁሉ እንደገና ሜዳ ይወጣል። በዚህ ጊዜ? ሰው ከሰው በማይተማመንበት በዚህ ጊዜ? አንዱ ስም ሲጠራ የሚሆነውን አታውቂም? እኔ ወፍ አልሆንም። አንችም ሁለተኛ እንዳትሆኝ። ስሜ ባለበት ይቅር። ቀብሬም እዚሁ ይሁን።»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት። «በይ፣ ለኪኝ» አሏት። መለኪያውን አውጥታ ለካቻቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሷም እሳቸውም ጨርሰው ነበር፤ ያልጨረስሁት እኔ ነበርሁ። አባቴ ለስማቸው ብለው ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከአጥር ውጭ አለቀሱ፤ አሁን የሚያነጻቸው ስም አፋቸው ውስጥ አለ፣ ሊተፉት ግን እንቢ አሉ። እንዴት ይቻላል? በዚያ ዘመን ካፖርት ሊዋሳቸው የሚችለውን ሰው ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ሰባት ስም ወጣ። ታናሽ ወንድማቸው አለበት። የእኔ የክርስትና አባት አለበት። እስቴ ስንገባ ቤቱን ለቆ ያስጠጋን የእናቴ ወንድም አለበት። ካፖርቱ አጥር ላይ ተሰጥቶ ውኃ ሲያንጠባጥብ በግልጽ ትዝ ይለኛል፤ ያመጣው ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ያን ጠዋት ስንት ጊዜ እንደፈለግሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

በየቀኑ አንድ ስም እንደ ዘበት ወሬ መሃል አስገብቼ እጠራና ፊታቸውን አያለሁ። የእናቴን ወንድም ስጠራ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን እጃቸው ሁልጊዜም ይንቀጠቀጣል። የክርስትና አባቴን ስጠራ ውኃ ጠየቁ፤ ስለጠማቸው ይሁን ስለሌላ አላውቅም። ቁርሳቸውን ሳቀርብ እጠይቃለሁ፤ እግራቸውን ሳጥብ እጠይቃለሁ። «አባዬ፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። ለማንም አልናገርም።» ቀስ በቀስ ከእኔ ጋር መብላት ተዉ። ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጓደኛዬ «ተያቸው፣ በእግዚአብሔር! ግፊታቸው እየጨመረ ነው» አለችኝ። እሷን መስማት ምን ያህል እንዳናደደኝ! አንቺ ነሽ ያመጣሽብን፣ አሁን አንቺ ትመክሪኛለሽ? አልኋት። በእርግጥ ልክ ነበረች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በራፉ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። ፀሐዩ የመስከረም ፀሐይ ነው፤ ይፋጃል። ከቤት ወጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ወረቀቱን አጥፌ በእጄ ይዣለሁ።

«አባዬ» አልሁ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ። ስሙን ካልነገሩኝ ራስዎን ይነቅንቁልኝ። እኔ አነብባለሁ፣ እርስዎ...»

ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡና በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ ሰው ለሽማግሌ ጉባኤ ሲናገር እንደሚያደርገው። ድምፃቸው የማውቀው የዛሬው ድምፅ አልነበረም። የሜዳ ድምፅ ነበር።

«ሽማግሎች፣ ፀሐዩ በረታ። ልጆቻችን ውኃ አልጠጡም። ሁለት ቀናችን ነው። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ አልናገርም። ብትፈልጉ እዚሁ እናድራለን።»

አእምሯቸውን ሳቱ ብዬ ደነገጥሁ። ዘወር ብለው ሲያዩኝ ግን ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፤ የምሠራውን ያውቁ ነበር። ጓደኛዬ ስለ ጉና ሥር ዳኛ አንድ ሳታስቀር ሐሙስ ሐሙስ ስታወራላቸው ነበር የከረመች።

«መቸ ነው የምትበትኝን፣ ልጄ?» አሉኝ።

ተነሥቼ ውኃ አመጣሁላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ወረቀቱ እዚያው በጡጫዬ ውስጥ ላብ አርሶታል።

«ተበትኗል፣ አባዬ» አልሁ። «ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

አንድ ጊዜ አዩኝ። አመኑኝ አላመኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ስም ጠርቼባቸው አላውቅም። ወረቀቱን ግን አልቀደድሁትም፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለ። ለቀብር በተገናኘን ቁጥር፣ ካፖርቱን ያጠበው የትኛው ነው እያልሁ የሰባቱንም ሰዎች እጅ አንድ በአንድ አያለሁ። አባቴ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሜዳው ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።